ያመለጠችው ቀለበት

ዓለት ባሕር ገብቶ ከሚንበረከክበት፣
ኒውፋውንድላንድ ጫፍ፣ አንድ ቢጫ ቤት።
ጀልባው ከተሸጠ ስምንት ዓመት ሆነው፣
ሊያንደር ከመስኮት ማዕበል ቆጣሪ ነው።

ሜቪስ ከከተማ ካርቶን ላከችላት፣
ለእናቷ ለኡና፤ እሱ ከፈተላት።
ስምንት ጥቅል ክር፣ ድመት የሚያክል፣
ጭስ መሳይ ግራጫ፣ ለስላሳ፣ ድብልብል፤
በክሩ ርዝመት ከዳር እስከ ዳር
ቀለበት ቀለበት ተሰልፎ ነበር።
«መርፌ አያስፈልግም፣ ጣት ይበቃል» ይላል፤
የኡናን ጣት ግን ቁርጥማት ጠምዞታል።
ያ ጓንቱን፣ ካልሲውን፣ የልጆች ሹራቡን
ሠርቶ ያለበሰ ጣት፣ የመንደሩን ግማሹን፣
ዛሬ ማንኪያ ጥሎ ይቆማል አፍሮ፣
እንደ ዛፍ ሥር ተጣምሞ፣ ተቋጥሮ።
«አንተ ሥራው» ብላ ካርቶኑን ገፋችው፤
ቀልድ መስሎት ቢስቅ፣ ዝም ብላ አየችው።

እሱ መረብ እንጂ ሹራብ መች ያውቃል?
አርባ ዓመት ግን መረብ ሲጠግን ኖሯል፤
ዓይኑን ጨው ሲያቃጥል፣ ጀልባዋ ስትዋዥቅ፣
ቋጠሮውን ጣቱ ለብቻው የሚያውቅ።

ስልሳ ቀለበት ደረደረ ተርታ፤
ሁለቴ ተሳሳተ፣ ሁለቴ ፈታ።
ከዚያ ገባው፦ አንዷን ከኋላ ወደ ፊት
በታችኛዋ ሆድ ሳብ አድርጎ ማውጣት።
አለመጠምዘዝ።
ከቀኝ ሄዶ ሲያልቅ ከግራ መመለስ፣
ሥራውን ሳያዞር፣ ሳይጎትት፣ ቀስ በቀስ።
«የመረብ ቋጠሮ ጨካኝ ነው፣ ያንቃል፤
ይሄኛው ግን ላልቶ ጓደኛውን ያቅፋል።»
ይህን ለኡና ሲላት፣ «ፓስተር ሆንክ?» አለችው፤
የሚቀጥለውን ረድፍ ሳያወራ ሠራው።

ጥር ላይ ነፋሱ ምሰሶውን ጣለ፤
መብራት ሄደ። ድቅድቅ። እሱ ቀጠለ።
ምድጃው ውስጥ እንጨት ይንጣጣል፣ ይተኛል፣
ካፖርት የደረበች ኡና ስታንኮራፋ ይሰማል።
ዓይን ምን ያደርጋል? ቀለበቷ ወፍራም፤
ጣት ገብታ ትወጣለች፣ መንገድ አትስትም።
ወይም እንዲያ መሰለው።

ሲነጋ በረዶው መስኮቱን አነጣው፤
ብርድ ልብሱን አንሥቶ ወደ ብርሃን ዘረጋው።
ሰባት ረድፍ ወደ ታች፣ ከጠርዙ በግራ፣
አንዲት ቀለበት አለች፣ የቀረች ከሥራ፣
ሳትይዝ፣ ሳትያዝ፣ አፏን እንደ ከፈተች፣
እህቶቿ በላይዋ ሲያልፉ እያየች።
«ዓሣ ያመልጥበታል» አለና በንዴት
የክሩን ጫፍ ያዘ፣ ሁሉን ለመፍታት።
አንዴ ከሳቡት ይህ ክር አይለግምም፤
የሌሊቱ ሥራ ሁለት ደቂቃ አይቆምም።

«ተው» አለች። ተነሥታ አጠገቡ መጣች፣
በዚያች በቀዳዳ አመልካቿን አስገባች፣
ጎተተች።
ያላለቀው ጨርቅ መጣ፣ እስከ ትከሻዋ።
በጥርሷ ስትስብ ነው፣ የድሮውን፣ ለብቻዋ፣
ስንት ሌሊት ያደረች፣ ሳያውቅባት ባልዋ።

እሱ ምንም አላለም። ሣጥኑን ከፈተ፣
ከመረብ የተረፈ አረንጓዴ ሲባጎ ጎተተ፣
ያመለጠችዋን እንዳትሮጥ አሠረ፣
የቀዳዳዋን ጠርዝ በቋጠሮ አጠረ።
ሥራውን ቀጠለ።
ሦስት ረድፍ ሲቀረው፣ በቀኙ ጫፍ በኩል፣
መብራቱ በርቶ፣ ዓይኑ እያየ ሳለ፣
አንዲት ቀለበት ዘለለ።