የማክሰኞ ውሃ

ቱሉ ዲምቱ መታጠፊያ፣ ከጎማ ለጣፊው ጎን፣
አንድ ወንበር የምትይዝ የቆርቆሮ ሱቅ አለችኝ፤
የአባቴን አጉሊ መነጽር ዐይኔ ላይ ተክዬ
የሰው ጊዜ ስፈታ፣ የሰው ጊዜ ስገጥም፣
የራሴ ይመሽብኛል።

ጋሽ ዘውገ ከኮዬ መጡ፣ ከአራተኛ ፎቅ ወርደው፣
የካፖርት ኪሳቸው ወደ አንድ ጎን ተንጋዶ፤
መሐረቡን ሲፈቱት
የብረት ሰዓት።
«ያልበዋል» አሉኝ፣ «ጠዋት ጠዋት መስታወቱን ያልበዋል፤
እኔ ማላብ ካቆምኩ ስንት ዘመኔ፣
እሱ ግን ገና ነው።»

ገልብጬ አየሁት።
ጀርባው ላይ መልሕቅ፣ ከመልሕቁ ሥር ቁጥር፣ ግማሹን ጨው የበላው።
ፊቱ ጥቁር ነበር አሉ፤ ዛሬ የተቆላ ገብስ መስሏል።
ሌሊት ያበሩ የነበሩ ነጥቦች
የከረመ ቅቤ መልክ ይዘው ጨለማን ረስተዋል።
ዙሪያውን የሚሽከረከር ቀለበት አለው፣
ጠላቂ ሰው የትንፋሹን ሂሳብ የሚይዝበት።

ምጽዋ ነበሩ ጋሽ ዘውገ፣ የባሕር ኃይል ጠላቂ፤
ከመርከብ ሆድ ሥር ገብተው ቅርፊት ሲፍቁ፣
መቅዘፊያ ላይ የተጠመጠመ ገመድ ሲፈቱ፣
ቀለበቱን አዙረው «ሃያ ደቂቃ» ይሉ ነበር፣
ከራሳቸው ጋር ተዋውለው።
ከሃያ አሳልፈው አንድም ቀን አልቆዩም።
የቆየ ጓደኛ ነበራቸው።
ስለ እሱ አላወሩኝም።

ወሬ እግር አለው። በሳምንቱ ይድነቃቸው መጣ፣
ከሲኤምሲ፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካ እየዘለለ።
ሰዓት ይሰበስባል።
እንደ አራስ ልጅ አንገት ደግፎ ያዘው፣
ትንፋሹን ዋጠ።
«ኦሪጅናል ፊቱ ነው! በእናትሽ፣ እንዳታወለውዪው፤
ጭረቱን እንዳትነኪ፣ መርፌውን እንዳትቀይሪ፤
እንዲህ ያለ እርጅና በገንዘብ አይሠራም።»
ከዚያ ግን ገንዘብ ጠራ።
ጎማ ለጣፊው መዶሻውን አቆመ።

«ትዋኛለህ?» አሉት ጋሽ ዘውገ።
«አይ፣ ውሃ እፈራለሁ።»
«ታዲያ ምን ታደርግበታለህ?»
«አየዋለሁ። ማታ ሳጥኔን ከፍቼ፣
የታሰረበት እጅ የት ገብቶ እንደ ወጣ አስባለሁ።»
ሽማግሌው ዝም አሉ። መልሱ አልከፋቸውም።

«ይቺ ረጅሟ ጭረትስ? ከመርከብ ናት? ከዐለት?»
«እሷማ» ሳቁ፣ «ከቢጫው ጀሪካን ናት።
እኛ ብሎክ ውሃ የሚመጣው ማክሰኞ ሌሊት ነው፤
እሱ ሁለት ይላል፣ እኛ ስምንት እንላለን፣
ከባሕር ወዲህ በፈረንጅ እንደ ሞላሁት ነው።
ቀለበቷን አዞራለሁ፤ አንድ ጀሪካን አራት ደቂቃ፣
በርሜሉ አርባ፣
ላይኛው ፎቅ እግራቸው ለታመመ ለእማማ ብርቄ ሁለት ጀሪካን፤
ከዚያ ቧንቧው ያቃስትና ይደርቃል።
ያኔ አየር ነበር የምቆጥረው፣ አሁን ውሃ።
ሥራው ያው ነው።»

አልሸጡም። እምቢም አላሉም።
«ማክሰኞ ና» አሉት፣ «አስረኸው ቅዳልኝ፣ ከዚያ እንነጋገር።»

እኔም ሄድኩ፤ የጀርባውን ጎሚኒ የቀየርኩት እኔ ነኝ፣
የሰው አደራ ነው።
መብራት ጠፍቷል። ደረጃው ላይ የጀሪካን ሰልፍ፣
ከአንዱ በር የሕፃን ሳል፣
ከሌላው የሬዲዮ ሹክሹክታ።
ይድነቃቸው እጅጌውን ሰብስቦ ተንበረከከ፣
ብረቱ በቀጭን አንጓው ላይ እየዞረ።
ቧንቧው ሳለ፤ ነፋስ ተፋ፣ ዝገት ተፋ፣
ከዚያ መጣ።

«ቀለበቱን!» አሉት፣ ድምፃቸው ሠላሳ ዓመት ወጣት ሆኖ።
አዞረ።
ውሃው መዳፉን መታ፣ ሰዓቱን ተሻገረ፣ ወደ ክርኑ ወረደ።
እንዲያወልቀው ጠበቅሁ።
አላወለቀም።

«ስንት ደረሰ?»
ልጁ ወደ ዐይኑ አስጠጋው፤ ነጥቦቹ አያበሩም።
ጆሮው ላይ ለጠፈው፤ መሄዱን እንጂ የት እንደ ደረሰ አይሰማም።
«አራት» አሉ ጋሽ ዘውገ፣ ባዶ አንጓቸውን እያሹ፣
«ቀይር።»

እኔ ስልኬን አብርቼ
የማየው መስታወቱን ነበር፣
አልቦት እንደሆን።