ቅጽ ሰባት

ጦሳ ጉሙን ለብሶ ቁልቁል ሲመለከት፣
ማህተሜን በትንፋሼ እያሞቅኩት፣
ሰው ገባ ቢሮዬ፤ ኮቱ የረጠበ፣
ከሌሊት ተራ የወጣ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ።

«ስም?»
«ሙሄ አደም።»
«መደብ?»
«የሱስ ማገገሚያ ረዳት፣
ቧንቧ ውሃ፣ ከታች በኩል፣ የቆርቆሮ አጥር ያለበት።»
«ትምህርት?»
«እስከ ስምንት።»
(ቅጹ አሥር ይላል።)
«ልምድ?»
ጣቱን አንድ በአንድ እያጠፈ ያሰላል።
«አምስት ዓመት ሠራሁ።
ከዚያ በፊት ዘጠኝ ዓመት፣ እኔው ራሴ ጠጣሁ።
እሱስ በየትኛው ሳጥን ይጻፋል?»
ሳጥን የለውም።

ጨካኝ አይደለሁም፤ ይታወቅልኝ ይሄ፣
ይህን ቅጽ የምወደው በምክንያት ነው፣ ሙሄ።

ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ማዶ፣ ሙቀቱ በሚያፍንበት፣
አንድ ግቢ ነበረ፣ «ማገገሚያ» የሚል ታፔላ ያለበት።
ወንድሜን ይዘን ሐረጎን ወረድን በሚኒባስ፣
ሲቀልድብን ነበር፣ እስከ መጨረሻው ኩርባ ድረስ።
ከፈልን። ተመለስን።
በወሩ ብንሄድ፣ በግራ እጁ አንጓ ላይ
የሲባጎ ቀለበት፣ እስከ ዛሬ የሚታይ።
«ማን አሰረህ?» ስንለው፣ «ተንከባካቢው» አለ።
የትኛው? ማን መዝግቦት! ስሙ የት ተጽፎ፣ የት አለ?

ለዚህ ነው ይህ መዝገብ፣ ለዚህ ነው ይህ ቁጥር፦
ደካማ ሰው የያዘ እጅ፣ ስም አልባ እንዳይቀር።

ይህን አላልኩትም።
ያልኩት፣ «አሥር ያልደረሰ፣ የብቃት ፈተና አለበት።»
አንገቱን ደፋ። ዝናቡ ከኮቱ ጫፍ ወለሌ ላይ ሲንጠባጠብበት፣
ከቅጹ ጀርባ ያለውን አንዱን ጥያቄ አነበብኩለት፦

«ታካሚ በሌሊት ተነሥቶ ቢጮህ፣ ቢማታ፣ ምን ያደርጋሉ?»
«በስሙ እጠራዋለሁ። የኔንም ስም እነግረዋለሁ» አለ በቀሉ።
«የት እንዳሉ ይጠፋቸዋል፣ ጌታዬ። እኔም ጠፍቶኝ ያውቃል።
ከዚያ በሩ ሥር እቀመጣለሁ፤ ወገግ እስኪል።»

ከሀ እስከ መ ፈለግሁት፤ ከአራቱም ውስጥ የለም።
ብዕሬ ቆመች። አልቆባት አይደለም ቀለም።

«ሰኞ ና» አልኩት፣ «ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ የአለቃህ ደብዳቤ፤
ጊዜያዊ ፈቃድ አለ፣ ለአንድ ዓመት፣ በተቆጣጣሪ ሥር።»
ስለ ፈተናው ሌላ ቀን እናወራለን፤ ያኔ ያልፋል፣ ይወድቅም ይሆናል፤ እኔ ምን አውቄ።

ሲወጣ፣ በሩን የዘጋው በሁለት እጁ፣ ቀስ አድርጎ ነው፣
ወዲህ የተኛ ሰው ያለ ይመስል፣ እንዳይቀሰቅሰው።