ወደ ውስጥ የተባለ እሺ

ስድስተኛው ፎቅ ላይ፣ ቦስተን፣ በየካቲት፣
መስኮቱ ላይ በረዶ፣ አልጋው ጫፍ ወረቀት።
አቶ ይርዳው ተኝተዋል፤ ስኳር የበላው እግራቸው
ከአንሶላው ወጣ ብሎ፣ ጠቁሯል አውራ ጣታቸው።
ዶክተር ሃሎራን፦ «ቁርጭምጭሚቱ ላይ እንቆርጣለን። ኦኬ?»
መሃል ቆሜያለሁ እኔ፣ ለሁለት ሰው ተልኬ።

ኦኬን አውቃታለሁ። የዚሁ ከተማ ልጅ ናት አሉ፤
የዛሬ መቶ ሰማንያ ምናምን ዓመት ጋዜጠኞች ሲቀልዱ
«ሁሉ ልክ»ን ሆን ብለው ፊደል አሳስተው
በሁለት ሆሄ አስቀሯት፤
እኛ «ኁሉ ልቅ» ብንል እንደማለት።
የለም፣ የቾክቶ ሕዝብ ቃል ናት የሚልም አለ፤
የለም፣ በሰንሰለት ታስረው ከመጡት አፍ ናት የሚልም።
አባት የበዛባት ልጅ።
ቀልድ ናት ብዬ ስንቃት ቤት ይሸጥባታል፣
ሮኬት ይተኮስባታል፣
እግር ይቆረጥባታል።

አቶ ይርዳው ጣሪያውን አዩና
አየር ወደ ውስጥ ሳቡ። «እህ።»
ያቺን አጭር፣ የድንገት የምትመስል፣
ፊደል ያልተቀረጸላት ትንፋሽ።
ነርሷ ደንግጣ ወደ ማሽኑ ዞረች፤
ያመማቸው መሰላት።

ኦኬ ከአፍ ትወጣለች፤ የእኛዋ ትገባለች።
የወጣውን እተረጉማለሁ፤ የገባችው የት አለች?

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» ብለው ያሳደጉን
እሺ ስንት እንደሆነ መች ቆጠሩልን?
ሰምቻለሁ የሚል እሺ አለ፤ ተወኝ የሚል አለ፤
እሺ ነገ አለ፤
ነጭ ካፖርት የለበሰን ፊት ላለመንሳት የሚባል አለ።
ከልብ የሆነውም አለ፣
ድምፁ ግን አንድ ነው።

«ኦኬ አሉ?» አለ ሃሎራን፣ እስክሪብቶውን ከፍቶ።
ጎንበስ አልኩ። «አባባ፣ ፈቅደው ነው ወይስ ሰምተው?»
ቆዩ።
«ሰምቼ ነው፣ ልጄ። ደግሞ ልጁ ደክሞታል፤
ዓይኑን እይው፣ ሌሊቱን ቆሞ ነው ያደረው።
እንዲህ ያለ ሰው እምቢ ይባላል?»

ቃል በቃል ተረጎምኩት። ድካሙንም፣ ዓይኑንም።
እስክሪብቶውን ከደነ። ፊቱን በእጁ አሸት አድርጎ
ወንበር ሳበና፣ እስካሁን ከግርጌ ቆሞ የነበረው፣
ከራስጌያቸው ተቀመጠ።
«እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገራቸው፤
ካልቆረጥን ምን እንደሚሆንም ጭምር» አለኝ ወደ እኔ ቀርቦ።

«ኦኬ» አልኩት፣
ሳላስበው፣
ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ።