የማን ዱካ ነው?

ሥራዬ መንዳት ነው፤ ከዚያ ደግሞ መቁጠር፦
አሥራ አንድ ልጆች፣ ሳይጎድሉ ከቁጥር።
ከስዋኮፕሙንድ ገና በጨለማ ወጥተን፣
የአትላንቲክን ጉም በመብራት ሰንጥቀን፣
ጎህ ሲቀድ ደረስን ከአሸዋው ተራራ፣
ቀዩ ጫፉ ላይ ፀሐይ ገና ሳትበራ።

ፓርኩን የምትጠብቅ፣ ዊልሚና የሚሏት፣
ቁመቷ አጭር ሆኖ ነጎድጓድ ያለባት፣
ከበሩ ቆማለች፣ ተደፍቶ ባርኔጣዋ፤
«ጫማችሁን አውልቁ!» ነበር ሰላምታዋ።

«ይኼ ጋዜጣ ነው፣ ሌሊት የታተመ፤
ጧት ያላነበበው ፈልጎ ደከመ፤
ነፋስ ይሰርዛል፣ አይቆይም ጽሑፉ፤
ተንበርከኩና አንብቡ፣ እንዳይረገጥ ጫፉ።
ያቺ ነጠብጣብ፣ እንደ ስፌት ያለች፣
የእንሽላሊት ናት፣ እዚህ ጋ ዞራለች፤
ያ እንደ መሰላል የተጋደመው ግን
እፉኝት ናት፣ ሌሊት የሄደች በጎን።»

ተንበረከኩላት። እኔ ቆሜ አየሁ፤
ጉልበቴ አይታጠፍም፣ መሪ ይዤ አረጀሁ።

እጫፉ ላይ ታየች አንዲት ጥቁር ጥንዚዛ፣
የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል፣ እግረ ረዥም፣ ፈዛዛ፤
በግንባሯ ቆማ፣ ቂጧን ወደ ሰማይ፣
ጉሙን ትጠጣለች፣ ሌላ ውኃ ሳታይ፤
ጠብታው ተጠራቅሞ፣ በጀርባዋ ወርዶ፣
ከአፏ ይገባል እንደ ቧንቧ ነጉዶ።
ልጆቹ ሳቁባት፤ ዊልሚናም ሳቀች፤
«በሉ እናንተም ቁሙ፣ ጠጡ እስቲ!» አለች።
አሥራ አንድ ቂጦች ወደ ሰማይ ቀኑ፤
የጠጣ ግን የለም፣ በአፍጢማቸው ሆኑ።

ቲቱስ ብቻ ዝም አለ፤ አየሁት በስርቆት፣
እጁን ከኪሱ ላይ አጥብቆ ሲጫንበት።
ዊልሚናም አይታለች፣ ግን አልተቆጣችው፤
«ጉም ከኪስህ ውስጥ ይገባል ወይ?» አለችው።
አቀረቀረና፣ ጣቱን አለሳልሶ፣
ከነበረችበት አኖራት መልሶ።

ከአሸዋው ማዶ ግን ጠጠራም ሜዳ አለ፣
ከጉም በቀር እርጥበት ያልተቀበለ።
«ድንጋዩ ላይ ያለው፣ ሽበት የመሰለው፣
ነፍስ አለው» አለችን፤ «ከእኔ ይበልጣል ዕድሜው፤
እንዳትረግጡት!» እኛም በቀጭኗ መንገድ
አንድ በአንድ ሆነን ጀመርን መራመድ።

ያኔ ታዩ ሁለት ትይዩ መስመሮች፣
ሽበቱን ጨፍልቀው የቀሩ ጭረቶች።
«ሠላሳ ዓመቱ ነው» አለች ዊልሚና፤
«አሸዋው ነው እንጂ ሜዳ አይረሳምና።
አንድ ሰው ባለፈው ሌላው ይከተላል፤
'መንገድ ነው' እያለ ሞተሩን ይጋልባል።»

ፓንዱሌኒ ድንገት «ቁሙ!» ብላ ጮኸች፤
አንድ እግሯን አየር ላይ ሰቅላ ደርቃ ቀረች።
በመስመሮቹ መኻል፣ ጠጠር የመሰለች፣
ጎጆ የሌላት እንቁላል ተኝታለች፣
ከትናንቱ ጎማ አንድ ስንዝር ብቻ ርቃ።
ከራሳችን በላይ እናቷ ተጨንቃ
ትጮኻለች፤ ትንሽ ወፍ፣ ነጭ፣ ምንቃረ ጥቁር፣
ባሕሩን ትታ ሜዳ ላይ የምታድር።

«ዱካው ከመንገዱ በሚገነጠልበት
አጥር እናቁም» አለች። ልጆቹ ሮጡበት።
ከመንገድ ሠሪዎች ከተረፈው ክምር
ተሸክሞ መምጣት፣ መኮልኮል፣ መደርደር፤
ቲቱስ ሦስት ባንዴ፣ ትንፋሹ እስኪቆረጥ።
እኔም አንዱን አንሥቼ፣ እንዳልገላለጥ
አንገቴን ደፋሁ።

ጎማውን ዐውቀዋለሁና።

ሃያ አንድ ዓመቴ፤ የተዋስነው መኪና፤
ቢራው፣ የጓዶቼ ሳቅ፤ መብራት አጥፍተን
በጨረቃ ብቻ ከነፋስ ተሽቀዳድመን፤
«ማን ያየናል?» ብለን። እውነትም ማን ነበር?
ከወፏ ቅድመ አያት ምናልባት በስተቀር።

ፓንዱሌኒ መጣች ጠጠር ቢጤ ይዛ፤
«ግን የማን ዱካ ነው?» አለች እንደ ዋዛ።
እንጃ ማለት ነበር፤ ሾፌር ነኝ፣ ማን ያውቃል።
«የኔ ነው» አልሁ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይውላል።

አልተቆጣችም። አየችኝ፣ ቆይታ አየችኝ፤
የያዘችውን ጥላ፣
ከክምሩ ሥር ትልቁን ፈንቅላ፣
እየገፋች አመጣችልኝ፤
«እዚህ ጋ» አለች፣ ባዶውን ቦታ አሳይታ።

ከባድ ነበር።
ጉልበቴ፣ ሳላዘው፣ ታጠፈ።