ጣቢያ ቁጥር አራት

ባቡሩ ከቆመ ስንት ዘመን ሆነው፤
እኛ ሰፈር ግን «ጣቢያ» ሲሉህ ዛሬም ሁለት ነው፦
አንደኛው ለገሃር፣ ፉጨት የራቀበት፣
አንደኛው የኔ ነው፣ ሣጥን ያለበት።

ሣጥኑን የሠራው አባቴ ነበረ፣
ሙሴ ዘለቀ፣ የምድር ባቡር አናጢ፣
ፈረንጆች በሰጡት «ሙሴ» እስኪሞት የኖረ።
ከተጣለ ፉርጎ ወለሉን ነቅሎ፣
ማጠፊያውን ከአሮጌ የመንገደኛ መስኮት ፈልቅቆ ቀጥሎ፣
ቀዳዳውን ግን አጠበበው፣ «ድምፅ ይግባ እንጂ እጅ አይግባ» ብሎ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ለምክር ቤት ሦስት ሰው ቆመ፤
አንዱ ነጋዴ፣ አንዱም ነጋዴ፣
ሦስተኛው የሁለተኛው አማች።
ምልክታቸው ፋኖስ፣ መሰላል፣ ግመል።
ግመሉ አሸነፈ፣ ፋኖሱ ከሰሰ፣
መሰላሉ በዚያው ሱቁ ተመለሰ።
ቧንቧ አስገባላችኋለሁ ያለን ግመል
አዲስ አበባ ወጥቶ አራት ዓመት ሙሉ
ውኃ ሳይጠማው ከረመ።

ቀጥሎ ሸንጎ መጣ።
በወረቀቱ ላይ ሦስት ሥዕል ነበር፣
ሦስቱም ባንድ ግቢ የሚያድሩ፣
የቱንም ብትመርጥ ጠዋት አብረው የሚዘምሩ።
«ያልመጣ ስኳር የለውም» ተባለ፤
ሁሉም መጣ። ስኳርም መጣ።
ማታ አባቴ ሣጥኑን አንስቶ
ጆሮው ሥር ነቀነቀው፣
እንደ ቆመ ሰዓት።

በሰማንያ ሰባት መዝገቡ የኔ ሆነ።
ያኔ ተማርኩ የክልላችንን ጠባይ፦
እስከ ስድስት ሰዓት ግፊያ ነው፣ ጥላ ፍለጋ ግድግዳው ላይ፤
ከስምንት በኋላ በርጫ ነው፤
ድሬ ላይ ከስምንት በኋላ የሚመረጥ
የጫቱ ቀንበጥ ብቻ ነው።

ዘጠና ሰባት ግን፣ አይ ዘጠና ሰባት!
ሠልፉ ከትምህርት ቤቱ በር ተነሥቶ
ዳቦ ቤቱን ዞሮ አሸዋው ድረስ ወረደ።
ሮብሌ ጌሌ ሌሊት አሥር ሰዓት መጥቶ
አንደኛ ቆሟል፣ ካርዱን በጥርሱ ነክሶ
(በሁለት እጁ ልጆች ይዞ ነበርና)።
ያን ቀን በርጫም አልተቀመጠ፣
ሚስቱ ሂንዲያ እስካሁን ትምላለች።

በዓመቱ ክረምት፣ ደጋው ላይ የዘነበው
በሌሊት ደቻቱን ሞልቶ ገባ።

ደቻቱ አሸዋ ነበር።
የክልላችንን ካርታ የሣለው ሰው
መሐሉን ባዶ ተወው፣ «መራጭ የለበትም» ብሎ፤
ገበያ የሚውልበት፣ ኳስ የሚጠለዝበት ባዶ።

በሁለት ሺህ ሁለት መዝገቡን ሳጠራ
«የተሰረዘበት ምክንያት» የሚል ዓምድ ነበር፦
ሞት፣ ዝውውር፣ ሌላ።
ኢክራም ዩያ።
ተናኘ ወልደሚካኤል።
የካቦው ልጅ፣ ገና አሥራ ስምንት የሞላው።
ሮብሌ ጌሌ።
ከሦስቱ ቃል አንዱም አልበቃቸው።
በእርሳስ «ደቻቱ» ብዬ ጻፍኩ፤
ከላይ የመጣው ተቆጣጣሪ መነጽሩን አውልቆ
«ይህ የትኛው ቀበሌ ነው?» አለኝ።

በምርጫው ቀን ሂንዲያ የሮብሌን ካርድ ይዛ መጣች፤
ጠርዙ ላይ ጭቃው ደርቋል።
«አንዴ ብቻ፣ ለሱ» አለች።
«ሕጉ አይፈቅድም» አልኳት፣
የማውቀው ሕግ ያ ብቻ ይመስል።
አልጮኸችም። በመስኮቱ ወደ አሸዋው አየች፦
«ያ ግን ካርድ ሳያወጣ መረጠ።»

አሁን የሚላክልን ሣጥን ፕላስቲክ ነው፤
ከጎን ሲያዩት ሆዱ ይታያል፣
ያስገባው ሰው ሆድ ግን አይታይም።
ያባቴን ሣጥን ዘበኛው ቱፋ
ገልብጦ በሩ ላይ ይቀመጥበታል።
ስንት ወንበር ከዚህ ሣጥን ወጣ፣
ሁሉም የደንገጎን አቀበት ይዞ ሄደ፤
ይህ አንዱ ብቻ ነው ከደጃችን ያልተሰደደ።

ሂንዲያ ከገበያ ስትመለስ ቱፋ ይነሣላታል።
አንዳንዴ ትቀመጣለች፣ ዘንቢሏን እግሯ ሥር አድርጋ።
ካርዱ አሁንም ቦርሳዋ ውስጥ ይመስለኛል፤
መልሺ አላልኳትም።