ሦስት ደቂቃ

ባቱሚ ይዘንባል፤ ጥቁር ባሕር በጉም ተሸፍኗል፤
ዓሣ አጥማጁ ኖዳር ለቀዶ ጥገና ተጋድሟል።
ማክቫላ ጠየቀች፣ «ቆዳህን የሚያስቆጣ ነገር አለ?»
«አማቴ!» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስ ግን ዞር አለ፣
ጀርባውን አሳያት፦ መዳፍ የሚያህል ጠባሳ፣
ቅርፊቱ እንደ ተላጠ ዓሣ።

«ያን ጊዜ፣ ለሐሞት ጠጠር፣
ቡናማው መድኃኒት ከወገቤ ሥር ተጠራቅሞ ነበር፤
እኔ ደንዝዣለሁ፣ ማን ይናገር?
ቢላ የማረውን ቆዳ ውሃ ላጠው።»

ጻፈችው። በቀይ።
ጠርሙሱን ለወጠች፤ ከግራ ከቀኙ ፎጣ ወተፈች፣
ቀባች፤ የራሰውን ፎጣ ስባ አወጣች፤
ቆመች።

ዶክተር ታማዝ መቁረጫውን አነሣ፣ «እንጀምር!»
«ገና ያብረቀርቃል» አለች፣ «አልኮል ነው፤
ያንተ መቁረጫ ደግሞ እሳት።
ሦስት ደቂቃ ስጠው።»

እሱ ሰዓቱን አየ፣ እሷ ቆዳውን።
እፍ አላለችም፣ አልጠረገችም፤
ዝናቡ ብቻ መስኮቱን ያጥባል።
«አሁን» አለች።

በማግሥቱ ስፌቱን ሌላ ሰው አየ።
እሷ ግን አገላብጣ ጀርባውን ዳበሰች።
«ምን ጠፋሽ?» አላት።
«ምንም» አለች።
ምንም አልነበረም።