በልክ

ስዋንዚ ላይ፣ ከባሕሩ አፍ፣ ዝናብ በማይሰለችበት፣
ከዓሣ መሸጫው ጀርባ ነው የኔ የልብስ ማሳጠሪያ ቤት።
ስሜ ነሪስ ነው። ቁመቴን ለጠየቀኝ ሁሉ ስናገር
አንድ ሜትር ከአርባ ሰባት፤ የጫማ ተረከዝ ሲጨመር
አንድ ከሃምሳ። ከዚያ በላይ
መሰላል ነው፣ ወይ ሰማይ።

ሠላሳ ዓመት የሰው ሱሪ ቆርጬ፣ አጥፌ፣ ሰፍቼ፣
«ወገቡን ትንሽ አጥብቢው» ያለኝን ሁሉ ሰምቼ፣
ሐሙስ ማታ ግን ወጥቼ
ከራግቢው ክለብ አዳራሽ፣ ቢራ ከጠጣ ምንጣፍ ዳር፣
እኔን የሚያህል ቤዝ ጊታር
እሸከም ነበር።

የአንድ መርከበኛ ነበረ፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር ገደማ።
«እጅሽ ይደርሳል?» ብሎኛል፤ ጆሮዬ ነው ያልሰማ።
የመጀመሪያው ፍሬት ሩቅ ነው፤
እንደ ማዶ አገር መብራት ነው የማየው።
ትንሿ ጣቴ ደርሳ ስትጣራ፣ ጠቋሚዬ ገና መንገድ ላይ፤
አንዷ ባቡር ተሳፍራ አንዷ ጣቢያ የቀረች ትመስላለች ስትታይ።
ትከሻዬ ማታ ማታ እንደ ዛገ በር ሲጥጥ ይላል።
ከበሮ መቺው ግሊን ግን «ሴትዮ፣ ልምምድ ነው» ይላል።
ልምምድ! እሱማ ምን አለበት፣ ከወንበሩ ሳይነሳ
ጣሪያ ይነካል ክንዱን ሲያነሳ።

እኔም አመንኩት፤ ጥፋቱን ከሥጋዬ ቆጠርኩት፤
መዳፌን በጠረጴዛ ጠርዝ እንደ እርጥብ ቆዳ ለጠጥኩት።

አንድ ማክሰኞ ልጅ መጣ፣ የአጎቱን ኮት ለብሶ፣
እጅጌው ጣቱን ውጦ፣ ጫፉ ጉልበቱ ደርሶ።
አቀርቅሮ፣ «ክንዴ አጭር ነው» አለኝ፣ ይቅርታ እንደሚለምን።
«ክንድህ ምንም አልጎደለው፤ ኮቱ ነው የበዛው» አልኩት ልጁን፣
ስፒል በከንፈሬ ይዤ፣ ሜትሬ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ።
የገዛ ቃሌ ዞሮ መጣ፤ ፊቴ ቆመና ገላመጠኝ ደግሞ።

ቅዳሜ ሜትሬን ይዤ ወደ ኤምሪስ ሱቅ መጣሁ፤
እሱ ዋጋ ሲያሰላ እኔ ክሩን ጫፍ ለጫፍ ለካሁ።
ያኛው ሠላሳ አራት ኢንች፤ ይሄኛው ከሠላሳ አያልፍም።
አራት ኢንች! እኔ ቤት ማታ ከወለል ሲጠረግ ማንም አይቆጭም።
«አንዳንዶች የልጅ ነው ይሉታል» አለኝ መነጽሩን ወልውሎ።
«መርፌም እኮ ከጦር አጭር ናት፤ ማን ይሰፋል ጦር ነቅሎ?»

ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። አንገቱ ወደ ግራ ሲሄድ
ክንዴም አብሮት ሄደ፣ ሳይጎተት፣ ሳይሰደድ።
አራቱም ጣቶቼ ተጠጉ፣ እያንዳንዱ በፍሬቱ፣
ዝናብ ሲበረታ ፌርማታ ጣሪያ ሥር እንደሚገቡቱ።

ክሩ ላላ ይላል፤ አልዋሽም። ወፍራሙን ክር አጥብቀው ሲመቱት
እንደ ሰካራም ያዘነብላል፣ ቃሉ ሳይወጣ ካንደበት።
ቀስ ሲሉት ግን ይመለሳል።
ድምፁ ክብ ነው፤ ዱቄት የሞላ ጆንያ
ከትከሻ ወርዶ መሬት እንደሚያርፍ
ዱብ ይላል።

ሐሙስ ግሊን አየኝና «ዘፈኑም አጠረ?» ሲል ቀለደ።
መልስ አልሰጠሁም። ሦስተኛው ዜማ ላይ አንገቱን ነቅንቆ
ወደ ድምፄ ወረደ።

እንደ ክንዴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልጫወትም ከእንግዲህ፤
ልክ መሆን ከልክ መግባት ይወለዳል፤ ዘግይቶ ነው የገባኝ ይህ፣
ያውም ለኔ፣ ሰው ለክቼ ለምበላ፣
ራሴን ሳልለካ ለኖርኩ በሌላው ጥላ።

ረጅሙን አልሸጥኩትም። ሱቄ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤
ገና ያልተቆረጠ ሱሪ አንገቱ ላይ ይደረደራል።
ረጅም ክንድ ያለው ሰው ገብቶ ካየው ይወስደዋል።
እስከዚያው ጥሩ መስቀያ ነው፤
አራት ሱሪ ይችላል።